የስዊድን ሙስ ተቆርቋሪ አለው፤ የእኛስ አህያ?



ዛሬ ስለ መኪና ልንጽፍ ነው። “ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆናችሁት?” የምትሉን አትጠፉም። አልሆንም። አብዛኞቻችን መኪና እንኳን የለንም። ነገር ግን መንገድ እንሻገራለን፤ ታክሲ እንሳፈራለን፤ ለበዓል አገር ቤት ስንሄድም ነፍሳችንን ለማናውቀው ሾፌር አስረክበን መስኮቱን ተደግፈን እንተኛለን። ይሄን የሚያደርግ ሰው ሁሉ ስለ መኪና ለመናገር መብት አለው ባዮች ነን።

ጥያቄያችን አንዲት ናት። መኪና በፍጥነት እየሄደ ሳለ አንድ ነገር ድንገት ፊቱ ድቅን ቢል ምን ይሆናል?

“እሱማ የሾፌሩ ጉዳይ ነው” ትሉ ይሆናል። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም የምንሰማው ይሄንኑ ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር “የአሽከርካሪው ጥንቃቄ ጉድለት” ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። መኪናውን የሚጠይቀው የለም! እኛ ግን እንላለን፦ ሾፌሩ ብቻውን አይችልም፤ መኪናው ሊረዳው ይገባል። የሚረዳበት ጥበብ ደግሞ ከተፈለሰፈ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ይሁን እንጂ ይሄ ጥበብ የተፈተነው በሰው አገር መንገድ፣ በሰው አገር እንቅፋት ነው። በእኛ መንገድ፣ በእኛ እንቅፋት ፈትኑልን ብሎ የጮኸ ሰው አልሰማንም። ጠባችን ከዚህ ዝምታ ጋር ነው።

ሙሱና ጋዜጠኞቹ

ስዊድን ውስጥ ሙስ የሚባል ግዙፍ የአጋዘን ዘር አለ። እግሩ ረጅም፣ ገላው ከባድ ነው። መኪና ሲገጨው እግሮቹ ከሥር ይመቱና ያ ሁሉ ክብደት በፊት መስታወቱ በኩል ሰዎቹ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የስዊድን ሰዎች “ሙስ ከጫካ ዘሎ ቢገባብን ይሄ መኪና ሊያመልጥ ይችላል ወይ?” ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ቴክኒከንስ ቬርልድ የተባለ የአገሩ የመኪና መጽሔት ይሄን ጥያቄ ፈተና አደረገው። አስፋልት ላይ ኮኖች ይደረደራሉ። መኪናው እስከ አፍንጫው ይጫናል። ሾፌሩ ፍሬን ሳይዝ መሪውን ወደ ግራ ይጠመዝዛል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ቀኝ መልሶ ወደ መስመሩ ይገባል። በቃ፣ ይሄው ነው። “የሙስ ፈተና” ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 መጽሔቱ አዲሷን መርሴዲስ ኤ ክላስ ወስዶ ፈተናት። መርሴዲስ ናት እንግዲህ! ያቺ በስሟ የሚማልባት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደች መሪው ሲጠመዘዝ ተገለበጠች።

ኩባንያው መጀመሪያ ነገሩን ሊያቃልለው ሞከረ። ኋላ ግን ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ጀርመን ውስጥማ አንድ የአካባቢ ጋዜጣ ሁሉም የሚቀልድባትን የድሮዋን የምሥራቅ ጀርመን ትራባንት አምጥቶ ያንኑ ፈተና ቢፈትናት ሳትገለበጥ አለፈች። ከዚያ በላይ ውርደት የለም። መርሴዲስ የተሸጡትን 2,600 ያህል መኪኖች መልሶ ጠራ፤ ሽያጩንም ለሦስት ወር ያህል አቆመ። ሲመለስም ለእያንዳንዷ ኤ ክላስ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ክፍያ፣ ኢኤስፒ የሚባለውን መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር ሥርዓት ገጠመላት።

አሁን ልብ በሉልን። ይሄ ሥርዓት ያን ጊዜ የተፈለሰፈ አይደለም። መርሴዲስና ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1995 በትልቁ ኤስ ክላስ ላይ አውጥተውት ነበር። ነበረ ማለት ነው። ሃብታሙ ይገዛው ነበር፤ በትንሿ መኪና የሚሄደው ደግሞ ዕድሉን ይሞክር ነበር። ከላይኛው መደብ ወደ ታችኛው ያወረደው የኩባንያው ርኅራኄ አይደለም፤ ጥቂት ጋዜጠኞችና ጥቂት ኮኖች ናቸው። ከዚያ በኋላ ሕግ ተከተለ። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ለሚሸጡ ቀላል ተሽከርካሪዎች በሙሉ፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከኅዳር 2014 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች በሙሉ ግዴታ አደረጉት።

ጋዜጠኝነት ተምረን ለወጣን ሰዎች ይሄ ታሪክ ያስቀናል። ያሳፍራልም። የእኛ አገር የመኪና ፕሮግራሞች የሚያወሩልን ምንድነው? የወንበሩን ቆዳ፣ የስክሪኑን ስፋት፣ የጣራውን መስታወት፣ “በአንድ ቻርጅ ስንት ይሄዳል” የሚለውን! ፕሮግራሙ ሲያልቅ የአስመጪው ስልክ ይነበባል። የኩባንያ ብሮሹር በጥሩ ድምፅ ማንበብ ከመቼ ወዲህ ነው ጋዜጠኝነት የሆነው?

አራት ፍሬን ያለው እግር የለም

“እኔ 30 ዓመት ነድቻለሁ፤ ኮምፒዩተር አያስተምረኝም” የሚሉ ጋሼዎች አሉ። እናከብራቸዋለን። ግን እስቲ ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው።

ሰው ድንገት ሲደነግጥ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፤ ፍሬኑን ይረግጣል፣ መሪውን ይጠመዝዛል። ድሮ ሁለቱ አብረው አይሄዱም ነበር። ፍሬን አጥብቃችሁ ስትረግጡ ጎማው ይቆልፋል፤ የተቆለፈ ጎማ ደግሞ መንሸራተት እንጂ መታጠፍ አያውቅም። መሪውን ብትጠመዝዙም መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ፈራችሁት ነገር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጣው ኤቢኤስ ይሄን ፈታ። ጎማው ሊቆልፍ ሲል ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ እያደረገ እየቆመም መታጠፍ እንዲችል አደረገው።

ከዚያ ኢኤስፒ መጣ። አንድ ሴንሰር መሪው ወዴት እንደተጠመዘዘ ያያል። ሌላው መኪናው በእውነት ወዴት እየዞረ እንደሆነ ያያል። ሁለቱ ካልተስማሙ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። መሪው ወደ ግራ ብሎ መኪናው እምቢ ብሎ ወደ ፊት ከሄደ፣ በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ያለውን የኋላ ጎማ ብቻ ለይቶ ይይዘዋል፤ አፍንጫው ይታጠፋል። የኋላው ክፍል እየተንሸራተተ መኪናው ሊሽከረከር ከሆነ ደግሞ በውጭ በኩል ያለውን የፊት ጎማ ብቻ ይይዛል፤ መኪናው ቀጥ ይላል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ሾፌሩ “ወይኔ!” ብሎ ሳይጨርስ ነው።

እንግዲህ ጋሼ፣ የ30 ዓመት ልምድዎ እንዳለ ሆኖ፣ እግርዎ ሥር ያለው የፍሬን ፔዳል አንድ ነው። አራቱን ጎማ ለየብቻ የሚይዝበት እግር ያለው ሾፌር አልተወለደም። አሜሪካ ውስጥ ያለው የመድን ኩባንያዎች የመንገድ ደኅንነት ተቋም እንዳጠናው፣ ይሄ ሥርዓት አንድ መኪና ብቻውን ተንሸራቶ ወይም ተገልብጦ ሰው የሚሞትበትን አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። በግማሽ! መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ለዚህ ውጤት ስንት ሰልፍ እንሰለፍ ነበር?

ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ካሜራና ራዳር አላቸው። ሾፌሩ ሳያይ የቀረውን አይተው ይጮኻሉ፤ ካልሰማ ራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ። ፍሬን በማይበቃበት ጊዜ መሪውን የሚያግዙም አሉ። የ2016ቱ መርሴዲስ ኢ ክላስ፣ የ2017ቱ ቮልቮ ኤክስሲ60፣ የ2018ቱ ፎርድ ፎከስ ሁሉ ይሄን ይዘው ወጥተዋል። ሾፌሩ ለማምለጥ መሪውን መጠምዘዝ ሲጀምር እጁን ደግፈው በሚገባው መጠን ያዞሩለታል፤ መልሶ ሲያቃናም ያግዙታል።

“ፍሬን ካለ መሪው ለምን?” ለምትሉ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ በደረቅ አስፋልት ላይ በሙሉ ኃይል ፍሬን ቢያዝ፣ ሾፌሩ እስኪነቃ የሚያልፈውን ሳንቆጥር፣ ለመቆም 50 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ሁለት ሜትር ወደ ጎን ሸሽቶ ለማለፍ ግን 35 ሜትር ገደማ ሊበቃው ይችላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ የመሸሺያው ግን እጥፍ ብቻ። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ፍሬን ያዋጣል፤ አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ደግሞ መቆም የማይቻልበት፣ መሸሽ ግን የሚቻልበት ቅጽበት አለ። ሰው የሚሞተው ወይም የሚተርፈው በዚያች 15 ሜትር ውስጥ ነው።

ካንጋሮና ጨለማ

እስካሁን ስናሞግስ ቆየን። አሁን ወደ ጠባችን እንግባ።

እነዚህ ሥርዓቶች አዋቂ የሆኑት ባስተማሯቸው ነገር ላይ ብቻ ነው። ቮልቮ የስዊድን ልጅ ስለሆነ መኪናዎቹ ሙስና አጋዘን እንዲለዩ አድርጎ ነው ያሰለጠናቸው። አውስትራሊያ ሲሄዱ ግን ካንጋሮ ገጠማቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኩባንያው ራሱ እንደተናገረው ሥርዓቱ ግራ ተጋባ። ለምን መሰላችሁ? የእንስሳውን ርቀት የሚለካው መሬቱን መነሻ አድርጎ ነው። ካንጋሮ ደግሞ ይዘላል! አየር ላይ ሲሆን የራቀ ይመስላል፤ ሲያርፍ የቀረበ ይመስላል። ኩባንያው ግን ለአውስትራሊያ መንገድ የሚሆን ነገር ለማዘጋጀት ካንጋሮ ወዳለበት አገር ባለሙያ ልኮ ያስጠና ነበር። የአውስትራሊያ ገዢ ይጠይቃላ!

ሁለተኛው ጨለማ ነው። እግረኛ አይተው ፍሬን የሚይዙ ሥርዓቶች ላይ ያው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ እግረኛን የመግጨት አደጋ በ27 በመቶ መቀነሱን አገኘ። ደስ ይላል። ነገር ግን የመንገድ መብራት በሌለበት ጨለማ፣ ሥርዓቱ ባለውና በሌለው መኪና መካከል ምንም ልዩነት አልታየም። ምንም!

እንግዲህ ወዳጆች፣ የመንገድ መብራት የሌለበት ጨለማ ሲባል ወዴት አገር ታሰባችሁ?

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

የእኛን መንገድ እንቅፋት እስቲ እንቁጠር። ገለባ የተጫነች አህያ፤ ገለባው ከመብዛቱ የተነሳ ከፊት ስትታይ አህያ ሳትሆን የምትራመድ ክምር ናት። የበዓል ሰሞን በግ። አፋር በኩል ግመል። “ወራጅ አለ!” ሲባል መሃል መንገድ ላይ ቀጥ የሚል ሚኒባስ። ፍሬቻ ሳያሳይ የሚታጠፍ ባጃጅ። የተበላሸ የጭነት መኪና ማስጠንቀቂያ ብሎ ያኖረውና ሲሄድ ረስቶት የሄደ ድንጋይ። ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው! ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ፣ በጨለማ፣ በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሞቱት አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ያሉት አይደሉም፤ እግረኞች ናቸው። ይሄን ስናነብ የሚያመን፣ ያ ቁጥር የእኛን ክፍል ልጆች፣ የጎረቤቶቻችንን ልጆች፣ ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው የወጡ ሰዎችን የሚቆጥር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ነው የማምለጫው ጥበብ ራሱ ጥያቄ የሚነሳበት። መኪናው ይሽሽ፣ እሺ፤ ወዴት ይሽሽ? ስዊድን ውስጥ ከመንገዱ ዳር ያለው ጫካ ነው። ጀርመን ውስጥ ሌላ መስመር ነው። እኛ ጋ ግን ከመንገዱ ዳር ያለው ሰው ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ እንደሚወስደው እንደ ታጠረው የፍጥነት መንገድ ያለ ነገር በየአገሩ የለንም። አህያዋን ለማዳን የተጠመዘዘ መሪ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች መሃል ሊገባ ይችላል። ሥርዓቱ ይሄን ያውቃል? ወደሚሸሽበት ቦታ ሰው መኖሩን ያያል? በጨለማስ? ነጠላ የለበሰችን ሴት ከኋላ ሲያያት ሰው ናት ይላል? መልሱ “አዎ” ሊሆን ይችላል፤ “አይ” ሊሆንም ይችላል። እኛ የምንለው ያለ ፈተና “አዎ” ብሎ የሚሸጥ ሰው ይፈር ነው።

“ይሄ ሁሉ የቅንጦት መኪና ወሬ ነው፤ እኛ መቼ ደረስንበት?” እንዳትሉን። ደርሰናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ታርጋ ለጥፈው የምናያቸው አዳዲስ መኪኖች በአብዛኛው ከቻይና የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ካሜራም ራዳርም አላቸው። ከእነሱ ውስጥም ለቻይና ገበያ ታስበው የተሠሩ አሉ፤ ስክሪናቸው በቻይንኛ ይጻፋል፤ ድምፃቸውም በቻይንኛ ይናገራል። እስቲ አስቡት፤ መኪናው እግረኛ አይቶ “ተጠንቀቅ!” ብሎ ይጮኻል፤ ሾፌሩ ደግሞ “ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ሆና ነው የምትለፈልፈው?” ብሎ ድምፁን ይቀንሳል። ቀልድ ይመስላል። ግን ማስጠንቀቂያውን ሊረዳው የማይችለው ሰው የሚነዳው መኪና ማስጠንቀቂያ አለው ማለት ይቻላል?

በሌላ በኩል ደግሞ ብዙኃኑን የሚያመላልሱት መኪኖች አሉ። በታክሲነት የሚሠሩት ሚኒባሶች፣ አባዱላው፣ ቅጥቅጡ፣ “አልቃይዳ” ብለን ስም ያወጣንለት አይሱዙ። ለገዳይ መኪና የቅጽል ስም ማውጣት እንችልበታለን፤ ገዳይነቱን ማስቆሙ ላይ ነው የሰነፍነው። አብዛኞቹ ከፍ ብለው የቆሙ፣ እስከ አፋቸው የሚጫኑ፣ ኢኤስፒ ግዴታ ሳይሆን የተሠሩ ናቸው። የሙስ ፈተና የሚሠራው በሙሉ ጭነት ነው ብለን ነበር አይደል? እንግዲህ “ጠጋ ጠጋ በሉ” ተብሎ የታጨቀ ሚኒባስ ፊት ፍየል ሲገባ የሚሆነውን ለማወቅ መጽሔት አያስፈልግም። ዜና ማዳመጥ ይበቃል።

“ድሃ አገር ነን” ለምትሉን

ይቺ መልስ ለሁሉም ነገር ትወጣለች። ለመኪናም ወጥታለች። “ለእኛ መሄዱ ይበቃል” ይሏችኋል።

ታዲያ አንድ ነገር እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የመኪና ደኅንነት ድርጅት ሁለት የኒሳን ፒክአፖችን አጋጨ። አንዷ አፍሪካ ውስጥ የምትሸጥ አዲስ ናት። ሌላዋ አውሮፓ ውስጥ የተሸጠች ያገለገለች ናት። በአዲሷ የአፍሪካ መኪና ውስጥ ሰው ቢኖር የመሞት አደጋው ከፍተኛ ነበር፤ ባገለገለችው የአውሮፓ መኪና ውስጥ ያለው ግን በእግሩ ወርዶ ይሄድ ነበር። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዓርማ፣ ሁለት ዓይነት የነፍስ ዋጋ! እርግጥ ይሄ የግጭት ፈተና እንጂ የማምለጥ ፈተና አይደለም። የሚያሳየው ነገር ግን አንድ ነው፦ ሕግ ያልጠየቀውን፣ ገዢ ያልጠየቀውን፣ ጋዜጠኛ ያላጋለጠውን፣ ኩባንያ በነፃ አይሰጥም። የቆዳው ቀለም ወይም የአገሩ ድህነት ሳይሆን ዝምታው ነው ዋጋውን የሚያወርደው።

ገንዘቡስ? የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 ሕጉን ሲያወጣ ኤቢኤስ ባለው መኪና ላይ ይሄን ሥርዓት መጨመር 111 ዶላር ገደማ ይፈጃል ብሎ አስልቶ ነበር። ሚሊዮኖች ለሚከፈልበት መኪና 111 ዶላር! እኛ አገር ለጎማ ቸርኬ ማሳመሪያ ከዚህ በላይ የሚያወጣ ሰው ሞልቷል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ግብር ሲከምር የሚቆጥረው የመኪናውን ዕድሜና የሞተሩን ጉልበት ነው። “አህያ ብትገባበት ታመልጣለህ ወይ?” ብሎ አልጠየቀም። የማምለጫ ሥርዓት ያለውም የሌለውም እኩል ተመዘነ። ግብር ደግሞ ትምህርት ነው፤ ለምን ዋጋ እንደምንሰጥ ለነጋዴው ያስተምረዋል።

ሌላም ወገን አለ፤ “መኪናዬ ራሱ ያመልጣል” ብሎ ስልኩን እየነካካ የሚነዳ። ለእሱም የምንለው አለን። ወንድሜ፣ መሪ የሚያግዙት ሥርዓቶች ብዙዎቹ የሚነሱት አንተ መሪውን ስትጠመዝዝ ነው፤ አንተ ተኝተህ እነሱ አይነቁም። ሁሉም ደግሞ በመጨረሻ የሚተማመኑት በጎማው ላይ ነው። አልቆ መላጣ በሆነ ጎማ ላይ የጀርመን ኮምፒዩተርም የቻይና ኮምፒዩተርም እኩል ይንሸራተታል።

ታዲያ ምን ይሁን?

ነቅፎ መሄድ ቀላል ነው። እኛ የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ።

ገዢ ሆይ! ደላላው “ንጹህ ናት፣ ሞተሯ አልተነካም፣ ቀለሟ አልተነካም” ሲልህ “ኢኤስፒ አላት ወይ?” በለው። ሞተሩ ሲነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ከኋላዋ ሁለት የተጠማዘዘ መስመር ያላት የመኪና ምስል በርታ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች፣ ወይም በርታ ካልጠፋች ጠርጥር። “ሴንሰር ነው፣ ችግር የለውም” የሚልህን አትመን። ችግሩ እሱ ነው።

አስመጪ ሆይ! የምትሸጠው መኪና ማስጠንቀቂያ ቢያንስ ሾፌሩ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። ለሾፌሩም ቁልፉን ስታስረክብ ሥርዓቱ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አስረዳው። የስክሪኑን ስፋት ለማስረዳት ጊዜ ካለህ ለዚህም ይኖርሃል።

መንግሥት ሆይ! ለቦሎ ምርመራ ፍሬንና መብራት እንደሚታየው ሁሉ የዚህ ሥርዓት መብራትም ይታይ። ወደ አገር የሚገባ አዲስ መኪና ይሄን ሳይዝ አይግባ። ሕዝብ የሚያመላልሰው ሚኒባስና አውቶቡስ ደግሞ ከሁሉም ይቅደም፤ የሃብታሙ መኪና አምልጦ የድሃው ታክሲ የሚገለበጥበት ሥርዓት ፍትሕ አይደለም። መንገዱንም አብራ። የእግረኛ መሄጃውንም ለየው። መኪናው የሚሸሽበት ባዶ ቦታ ካላገኘ ማምለጫው ራሱ መግደያ ይሆናል።

በመጨረሻ ለእኛው፣ ለጋዜጠኞቹ። ስዊድኖቹ የተጠቀሙት ኮን፣ ሰፊ አስፋልትና የሠለጠነ ሾፌር ነው። ይሄ ከእኛ አቅም በላይ ነው የሚል ካለ ይንገረን። በባለሙያ ሾፌር፣ በተዘጋ ሜዳ፣ ሰው በሌለበት፣ ገለባ የተጫነች የካርቶን አህያ አቁመን መሸጫ ቦታ ላይ የተደረደሩትን መኪኖች አንድ በአንድ እንፈትናቸው። ነጠላ የለበሰ አሻንጉሊት አቁመን በቀንም በማታም እንፈትናቸው። መኪናዋን በሚኒባስ ልክ እንጫናት። ውጤቱን ያለ ስፖንሰር እናውጣው። ስሙንም “የአህያ ፈተና” እንበለው። መኪናውን የሚያበድር አስመጪ ካለ እናመሰግናለን። ካላበደረም “መኪናውን አላስፈትንም ያለ አስመጪ” ብሎ መጻፍ ራሱ ዜና ነው።

ሙሱ ምንም አልተናገረም። የተናገሩለት የአገሩ ጋዜጠኞች ናቸው፤ ዓለም ሁሉ ሰማ። አህያችንም አትናገርም። ከኋላዋ የምትሄደዋም እናት ጋዜጣ ላይ አትጽፍም። እኛ ግን እንጽፋለን፤ ስለዚህ ዝም ካልን ጥፋቱ የእኛ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? መንገድ ስትሻገሩ ግራ ቀኝ አይታችሁ!

ቸር ይግጠመን።